ርስት የሆነ ስም

አንድ ስም ልስጣችሁ፤ ፕላውደን።

የታሪክ ትምህርቱን ጨርሶ ያልረሳ ሰው ጆሮው ላይ ያቃጭልበታል። «የአጤ ቴዎድሮስ ወዳጅ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል አይደል? ጎንደር አጠገብ ያቆሰሉት?» ልክ ብላችኋል፤ ዋልተር ፕላውደን ነው። እኛ ዘንድ የስሙ ታሪክ እዚያ ያበቃል። እንግሊዝ አገር ግን ይኸው ስም ለንደን ውስጥ በአንድ የታወቀ ቤተ ክርስቲያን ሐውልት ላይ አለ። አሜሪካ ላይ ከወረቀት ሳይወርድ የቀረ ግዛት «ጌታ» ስም ነው። በ1881 የሕንድን ሕዝብ ያስቆጠረው ሹም ስም ነው። የእንግሊዝን የአቶሚክ ኃይል ባለሥልጣን መጀመሪያ የመራው ሰው ስም ነው። መምህራን ለዓመታት የተከራከሩበት ትልቅ የትምህርት ጥናትም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። (ዓመቶቹ፣ «ዓ.ም» ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሚዝ ወይም ጆንስ ቢሆን ማንም አይገረምም። እነሱ ዘንድ ስሚዝ ማለት እኛ ጋ ከበደ እንደማለት ነው፤ ድንጋይ ብትወረውር አንዱን ትመታለህ። ፕላውደን ግን ብርቅ ስም ነው። ታዲያ እንዴት ነው ጥቂት ሰዎች በአምስት መቶ ዓመት መዝገብ ላይ እንዲህ ተደጋግመው የተገኙት?

አበሻ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለው፤ «ዘር ከልጓም ይስባል»። እኔ ደግሞ አይደለም እላለሁ። ፕላውደኖችን መዝገብ ላይ ያቆያቸው ደም ሳይሆን ርስት ነው። የቤተሰብ ስም የዘር ማስረጃ ከመሆኑ በፊት የመሬት ማስረጃ ነበር።

ይህን የማነሳው ለእንግሊዝ ባላባት ተቆርቁሬ አይደለም። የስም ጉዳይ የኛው ትውልድ የቤት ሥራ ስለሆነ ነው። ውጭ የሄደ ሁሉ ያቺን ሳጥን ያውቃታል፤ «የቤተሰብ ስም» የምትለዋን። አንዱ የአባቱን ስም ይሞላባታል፣ ሌላው የአያቱን። ከዚያ አባት፣ እናትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት «የቤተሰብ ስም» ይዘው ይኖራሉ። እናት አየር ማረፊያ ላይ የገዛ ልጇ እናት መሆኗን እንድታስረዳ ትጠየቃለች። ስለዚህ «አንድ ስም እንምረጥና እስከ ልጅ ልጅ እንያዘው» የሚሉ ወጣት ባለትዳሮች አሉ። አንዳንዱ ከወረቀቱ ችግር አልፎ «ፈረንጅ ዘሩን የሚያውቀው ስሙን ስለያዘ ነው፤ እኛ ግን ሦስተኛው ትውልድ ላይ እንጠፋለን» ይላል። በመጀመሪያው እስማማለሁ። ሁለተኛው ላይ ግን እስቲ ቆም እንበል።

ሸለቆው

ፕላውደን መጀመሪያ የሰው ስም አልነበረም። በምዕራብ እንግሊዝ፣ ወደ ዌልስ ድንበር ጠጋ ብሎ፣ ሽሮፕሺር የሚባል አውራጃ አለ። እዚያ ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት ፕላውደን። የቦታ ስም አጥኚዎች ቃሉን ከጥንታዊ እንግሊዝኛ አውጥተው «የጨዋታ ሸለቆ» ብለው ይፈቱታል። እዚያ መሬት የነበረው ሰው «የፕላውደኑ እገሌ» ተባለ፤ እኛ «የቡልጋው እገሌ» እንደምንለው። ልዩነቱ፣ እኛ ጋ ሰውየው ሲሞት ቡልጋ ለቡልጋ ይቀራል። እነሱ ጋ ግን የቦታው ስም ከሰውየው ቤተሰብ ጋር ተጣብቆ ቀረ።

ቤተሰቡ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ከዚያ መሬት አልለቀቀም። በአፈ ታሪካቸው ሮጀር የሚባል አባታቸው በመስቀል ጦርነት ጊዜ፣ በ1191፣ በአክሬ ከተማ ከበባ ላይ ነበረ፤ በሰላም ሲመለስም ስለቱን ለማድረስ የጸሎት ቤት ሠራ ይባላል። አፈ ታሪኩን እንደ አፈ ታሪክ እንተወው። መሬቱ ግን አፈ ታሪክ አይደለም።

የእንግሊዝ ባላባት ርስቱን አይቆራርስም። ቤቱም፣ መሬቱም፣ ስሙም በአንድ ቀጭን መስመር ይወርዳል፤ ከአባት ወደ በኩር ወንድ ልጅ። ታናናሾቹስ? ስሙን ይዘው፣ መሬቱን ትተው እንጀራ ፍለጋ ይወጣሉ፤ ወደ ሕግ፣ ወደ ጦር ሠራዊት፣ ወደ ቤተ ክህነት፣ በኋላም ወደ ሕንድ። ባዶ እጃቸውን ግን አይወጡም። ትምህርት አላቸው፣ በር የሚያስከፍት ዘመድ አላቸው፣ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው አጎት አላቸው። እንግዲህ ብርቅ ስም መዝገብ ላይ የሚደጋገመው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት አካል

ስሙን መጀመሪያ ያስጠራው ጠበቃው ኤድመንድ ፕላውደን ነው (1518–1585)። የለንደኑ ሚድል ቴምፕል የሕግ ማኅበር ሰው ነበር። ችሎት እየዋለ፣ ዳኞችና ጠበቆች የተከራከሩትን እየመዘገበ፣ በ1571 አሳተመው። የተጻፈውም የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ጠበቆች ይጠቀሙበት በነበረው ፈረንሳይኛ ነው።

ከመዘገባቸው ክርክሮች አንዱ የ1561ዱ የላንካስተር ግዛት ጉዳይ ነው። ኤድዋርድ ስድስተኛ ገና ልጅ ሳለ ነግሦ መሬት አከራይቶ ነበርና «ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የገባው ውል ይጸናል ወይ?» የሚል ጥያቄ ተነሳ። የሕግ ሰዎቹ መልስ በአጭሩ እንዲህ ነበር። ንጉሥ ሁለት አካል አለው። አንደኛው የሚታመም፣ የሚያረጅ፣ የሚሞት ሥጋ ነው። ሁለተኛው የመንግሥት አካል ነው፤ እሱ ልጅ አይሆንም፣ አያረጅም፣ አይሞትም። ስለዚህ ውሉ ይጸናል። ኤርነስት ካንቶሮቪች የሚባል የታሪክ ሊቅ በ1957 ስለዚህ ሐሳብ ያሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ የሚነሳው ከዚህ ከፕላውደን መዝገብ ነው።

የቤተሰብ ስም የሚሠራውም እንዲሁ ነው። ፕላውደኖች ይወለዳሉ፣ ይሞታሉ። «ፕላውደን» የሚባለው ሁለተኛው አካል ግን ቤቱና መሬቱ ላይ ተቀምጦ ቀጣዩን ሰው ይጠብቃል።

ጠበቃው ራሱ ለስሙ ብሎ የኖረ ሰው አይመስልም። ካቶሊክ ነበር። ነገር ግን በካቶሊኳ ንግሥት በሜሪ ዘመን፣ በ1555፣ ተቃውሞ ይዘው ፓርላማውን ጥለው ከወጡት አንዱ ነበር፤ ተከሰሰበትም። በፕሮቴስታንቷ በኤልሳቤጥ ዘመን ደግሞ ሃይማኖቱን አልለውጥ ስላለ ለችሎታው የሚመጥን ሹመት ሳያገኝ ሞተ። የእንግሊዝ ሕዝብ ግን አባባል አደረገው፤ «ጉዳዩ ተለወጠ፣ አለ ፕላውደን»። ሲተረት እንዲህ ነው። አንድ ሰው የተከለከለ ቅዳሴ አስቀድሷል ተብሎ ይከሰሳል። ፕላውደን ሲመረምር ቀዳሹ ሰው ለማጥመድ የተላከ እንጂ ቄስ አለመሆኑ ይወጣል። «ጉዳዩ ተለወጠ! ቄስ ከሌለ ቅዳሴ የለም» አለና ደንበኛውን አስለቀቀ ይባላል። ጠበቃ ማለት እንዲህ ነው።

ስሙ የማያወራው

አሁን ወደ ልጅ ልጁ እንምጣ። የአያቱን ስም ሙሉ በሙሉ ይዟል፤ ሰር ኤድመንድ ፕላውደን። ደም ከልጓም የሚስብ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ማየት ነበረብን።

በ1634 በአየርላንድ ማኅተም የተሰጠ ቻርተር አገኘ። ዛሬ ኒው ጀርዚ የሚባለውንና ዙሪያውን «ኒው አልቢዮን» ብሎ እንዲገዛ የሚፈቅድ ነው። በ1642 አትላንቲክን ተሻገረ። በማግስቱ ዓመት የገዛ መርከበኞቹ አምፀው ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ጣሉት። ነፍሱ ተረፈች፤ ግዛቱ ግን ከወረቀት አልወረደም፣ እሱም ዕዳ ተሸክሞ ተመለሰ። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነበር። ርስት ይዛለት የመጣችው ሚስቱ ማቤል በጭካኔው ከሰሰችው። ቀለብ ክፈል ተብሎ ተፈረደበት፤ አልከፍልም ብሎ ታሰረ። የሕጉ ሊቅ የልጅ ልጅ ለፍርድ ቤት አልታዘዝም ብሎ እስር ቤት ገባ ማለት ነው። ያው ስም፣ ያው ደም።

ሌላም ነገር አለ። የቤተሰብ ስም የሚተላለፈው በወንድ ብቻ ከሆነ አንድ ቤት ሴት ልጆች ብቻ በተወለዱበት ትውልድ ስሙ ይቆረጣል፤ ደሙ ግን በሴቶቹ ልጆች ይቀጥላል። ፍራንሲስ ጋልተን በ1873 «የታላላቅ ቤተሰቦች ስም ለምን ይጠፋል?» ብሎ ጠየቀ። ከሂሳብ አዋቂው ከሄንሪ ዋትሰን ጋርም በ1874 ስለዚሁ አንድ ጥናት አሳተመ። ስሌታቸው ላይ በኋላ እርማት ተደርጎበታል፤ መንገዱ ግን ትልቅ ነገር አስተማረ። ስም የሚጠፋው ሰዎቹ ስለተዋረዱ አይደለም፣ የሚተርፈውም ስለከበሩ አይደለም። ብዙው የዕጣ ጉዳይ ነው። ዛሬ የምናየው ረጅም ስም ከብዙ ጠፊዎች መካከል የተረፈ ነው፤ የጠፉትን ስለማናያቸው የተረፈው ልዩ ይመስለናል።

ዕጣው ሲከፋ እንግሊዞች ምን ያደርጉ ነበር? ባለርስቱ ወንድ ልጅ ከሌለው በኑዛዜው «ርስቴን የሚወርስ ስሜን ይያዝ» ይላል። የልጁ ባል ወይም የእህቱ ልጅ የገዛ አባቱን ስም ጥሎ የባለርስቱን ስም ይይዛል። ይህ በብዙ ባላባት ቤት የተለመደ ነበር። የደም ነገር እዚህ ላይ አለቀ። ስሙ የሚከተለው መሬቱን ነው።

ቆንስሉ

ዋልተር ፕላውደን (1820–1860) ወደ ሕንድ ከተሻገረው ወገን ነው። አባቱ በቤንጋል አስተዳደር ያገለግል ነበር። እሱ የመጨረሻ ልጅ ስለነበር ርስት የሚባል ነገር አይጠብቀውም። በ19 ዓመቱ ካልካታ ውስጥ ንግድ ቤት ገባ። በ1843 ሥራውን ትቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ሱዌዝ ላይ ጆን ቤልን አገኘው። ሁለቱም የዓባይን ምንጭ እንፈልግ ብለው መንገዳቸውን ወደ ኢትዮጵያ አዞሩ። በ1848 ቆንስል ሆኖ ተሾመ፤ በ1849 ከራስ ዓሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ።

ውሉ ብዙ አልቆየም። በ1853 ራስ ዓሊ አይሻል ላይ ድል ሆኑ። ድል ያደረጉት ካሣ ኃይሉም በ1855 ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ፕላውደን ከአዲሱ ንጉሥ ጋር ተወዳጀ። በ1860 ወደ ምጽዋ ሲወርድ ጎንደር አጠገብ የሸፈተው የጋረድ ሰዎች አቁስለው ማረኩት። በቤዛ ቢለቀቅም ቁስሉ ገደለው። በዚያው ዓመት ቴዎድሮስ ጋረድን ሲገጥሙ ጆን ቤልም ንጉሡን ሲከላከል ወደቀ። ጋረድም ተገደለ፤ ንጉሡ በተማረኩት ላይ የወሰዱት በቀል ከባድ ነበር። የፕላውደን ተተኪ ካሜሮን ታሰረ፤ ነገሩ ከሮ ከሮ በ1868 መቅደላ ላይ አበቃ። የፕላውደን የጉዞ ማስታወሻ በወንድሙ እጅ የታተመውም በዚያው በ1868 ነው።

እዚህ ላይ ጎን ለጎን የቆሙትን ሁለት ሰዎች ተመልከቱ። አንዱ ሰባት መቶ ዓመት የቆየ ስም ይዞ የመጣ ነው፤ ያንን ስም ግን ጎንደር ላይ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ሌላው ጠላቶቹ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ የሚሰድቡት ነው፤ ስሙን ከአባቱ አልወረሰም፣ ከትንቢት አንስቶ ለራሱ ሰጠ። ዛሬ ዋልተርን የምናስታውሰው ስለ ሽሮፕሺር አይደለም። በዚያ ጊዜ፣ በዚያ ቦታ፣ ከዚያ ንጉሥ ጋር ስለቆመ ነው።

በጋብቻ የገባችው

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ላይ ስሙ በሁለት ሰዎች እንደገና ገነነ፤ በባልና ሚስት።

ባልየው ኤድዊን ፕላውደን (1907–2001) ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአገሪቱን የኢኮኖሚ ዕቅድ መራ፤ ከ1954 እስከ 1959 ደግሞ የአቶሚክ ኃይል ባለሥልጣኑ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ነበር። በ1957 የዊንድስኬል የአቶሚክ ማብለያ በእሳት የተያያዘው በሱ ጊዜ ነው። በ1964 በመራው ኮሚቴ ጥናት መሠረት እንግሊዝ በሚቀጥለው ዓመት የውጭ አገልግሎቶቿን አዋሕዳ አንድ የዲፕሎማሲ አገልግሎት አቋቋመች። ዋልተር ጎንደር ላይ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ ቆንስሎች እንዴት ይሥሩ የሚለውን የሚወስነው ፕላውደን ሆነ።

ሚስትየዋ ግን ትበልጣለች። በ1967 የወጣው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ጥናት እንግሊዝ ውስጥ «የፕላውደን ሪፖርት» ይባላል። ኮሚቴውን የመራችው ብሪጅት ፕላውደን (1910–2000) ናት። ጥናቱ ትምህርት ከልጁ ይነሳ አለ። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መግረፍ ይቅር አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ድሃ ሰፈር ያሉ ትምህርት ቤቶች እኩል ሳይሆን የበለጠ ገንዘብና መምህር ይሰጣቸው አለ፤ ልጅ ወላጁን መርጦ አይወለድምና።

ብሪጅት ደግሞ የተወለደችው ሪችመንድ ተብላ ነው። የአድሚራል ልጅ ናት፤ ፕላውደን ያደረጋት የ1933ቱ ጋብቻ ነው። ስሙን ከማንም በላይ በእያንዳንዱ መምህር አፍ ያስገባችው ሴት የፕላውደን ደም አልነበራትም። ሪፖርቷም ልጅ በተወለደበት ቤት ምክንያት ወደ ኋላ አይቅር የሚል ነበር፤ በተወለዱበት ቤት ምክንያት ወደፊት ሲሄዱ በኖሩ ሰዎች ስም።

በተቃራኒው ደሙ ኖሯቸው ስሙ የተወሰደባቸውም አሉ። ፓሜላ ፕላውደን (1874–1971) ቸርችል በ1896 ሕንድ ውስጥ አግኝቶ የወደዳት ሴት ናት። በ1902 የሊተንን ባላባት አገባችና ስሟ ሊተን ሆነ። የወለደቻቸውም በዚያው ስም ተጠሩ። ያችን ሳጥን ሲሞሉ ፕላውደን የሚል ከየትም አይመጣም።

እኛና ሳጥኑ

እኛ የቤተሰብ ስም ያልያዝነው ስለዘነጋን ወይም ስላልሠለጠንን አይደለም። በጎጃምና በጎንደር የነበረውን ርስት አስቡት። ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር። አቅኚ አባቱ ጋ ደርሶ ድርሻውን ለመጠየቅ የሚሟገት ሰው «በእናቴ አያት በኩል፣ በእገሊት ልጅ በእገሌ» እያለ በወንድም በሴትም ወደ ላይ ይወጣል። ስምንት ቅድመ አያት ያለው ሰው ስምንት በር አለው። እንደ እንግሊዞቹ በአባት ብቻ የሚወርድ አንድ ስም ቢይዝ ሰባቱን በር በገዛ እጁ ይዘጋ ነበር። መሬት በአንድ መስመር የሚወርድበት አገር አንድ ስም ያዘ። መሬት በብዙ መስመር የሚወርድበት አገር ብዙ ስም በቃሉ ያዘ። በ1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ርስት ቀረ። ቆጠራው ግን ለጋብቻ ሲሆን «ሰባት ቤት» እየተባለ ቀጥሏል።

ሕግ አልሞከረም እንዳትሉ። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም እንደሚኖረው ይደነግጋል። ሕጉ ተጻፈ፤ ሕዝቡ ግን በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ። አንዳንዶች ይህን ኋላ ቀርነት ይሉታል። እኔ ግን ያልታጠረ መሬት ላይ ካርታ አልፈልግም እንዳለ ሰው አየዋለሁ።

እንግዲህ ሂሳቡን እንሥራ። ወደ ላይ አሥር ትውልድ ብትቆጥሩ 1,024 የአያት ቦታ አላችሁ። የቤተሰብ ስም ከነዚህ አንዱን ብቻ ይጠራል። ስምንት መቶ ዓመት ወደ ኋላ የሚሄድ ስም አንድ ወንድ፣ የዚያን ወንድ ልጅ፣ የዚያን ልጅ ልጅ ይናገራል። እናቶቹ በሙሉ የሉበትም። «ፈረንጅ ዘሩን ያውቃል» የምንለው ያችን አንዲት ክር አይተን ነው።

ስለዚህ ለወረቀት ሲባል አንድ ስም የሚመርጡትን ባለትዳሮች አልቃወምም። ልጅና እናት በአንድ ስም ድንበር ማለፋቸው ቀላል ነገር አይደለም። ምረጡ፤ ከአባት ወገንም ከእናት ወገንም ቢሆን፣ ብቻ ተነጋግራችሁ ምረጡ። ሴቲቱ የአባቷን ስም የምትጥል ከሆነም በወጉ ይባል፤ «ፈረንጅ እንደዚያ ነው» ተብሎ አይታለፍ። ነገር ግን የሻንጣ ምልክት መርጣችሁ ዘር አቆየን አትበሉ። የሚቆይ ዘር ያለው ቆጠራው ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ የትኛውም ኤምባሲ አይጠይቃችሁም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ሳጥኑን ከመሙላታችሁ በፊት ለእናታችሁና ለአባታችሁ ደውሉና የአራቱን ቅድመ አያቶቻችሁን፣ የሴቶቹን፣ ስም ጠይቁ። ብዙዎቻችን ከአንዷ በላይ አናውቅም። እነሱን የሚያውቁት ሰዎች አርጅተዋል፤ ነገ ዛሬ አትበሉ። ጻፉትና ለልጃችሁ አስቀምጡለት።

ቸር ሰንብቱ።